ደሴቶቹ ብየዳ የሚያስተምሩት በማን ገንዘብ ነው?

ጥያቄው፦ «በአንድ የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አሠልጣኝ ነኝ። ለማስተርስ ማሟያ ጽሑፌ የሙያ ሥልጠናን ፋይናንስ መርጫለሁ። አማካሪዬ ከአገር ውስጥ በተጨማሪ የትናንሽ ደሴት አገሮችን ተሞክሮ እንዳይ ነግሮኛል። ሕዝባቸው አንድ ክፍለ ከተማ የማይሞላ አገሮች ኮሌጅ የሚያስተዳድሩት በምን ገንዘብ ነው? ሁሉንም ለጋሽ ነው የሚከፍለው የሚሉኝ አሉ። እንዲያ ከሆነ እኔ ምን የምጽፈው አለ?»

የሚጻፍማ ሞልቷል። «ለጋሽ ነው የሚከፍለው» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ግን ለጋሽ ለሁሉም ነገር አይከፍልም። ሕንፃ ያቆማል፣ ማሽን ያስገባል፣ ካሪኩለም ያስቀርፃል፣ ለሁለት ለሦስት ዓመት የውጭ ባለሙያ ያስቀምጣል። ሪባኑ ተቆርጦ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ኤሌክትሮዱን፣ ናፍጣውንና የአሠልጣኙን ደመወዝ ማን ይችላል? ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ላይ ነው። የአላቂ ዕቃ በጀት ሲመነምን ወርክሾፕ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ አሠልጣኝ ነዎት።

ሌላም ነገር አለ። በእነዚህ አገሮች ከፋዩን ካወቁ ሠልጣኙን ማወቅ ቀላል ነው። የመርከብ ኩባንያ ከከፈለ የሚወጣው መርከበኛ ነው። ሀብታም ጎረቤት ከከፈለ የጎረቤቱን ሰርተፊኬት የያዘ ባለሙያ ይወጣል። ቀጣሪዎች ካዋጡ የሚሠለጥነው ሥራ ያለው ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ከከፈለች የገጠር ልጅ ይገባል። መንግሥት ብቻውን ሲከፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ደመወዙ ይከፈልና ወርክሾፑ ባዶ ይቀራል። እኔ ብሆን ጽሑፉን በዚህ መስመር ነው የማስኬደው።

መጀመሪያ ስለ ወጪው ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም የደሴት ወጪ እኛ ከለመድነው የተለየ ነው።

በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችውን ኪሪባቲን ይውሰዱ። ሕዝቧ ወደ 120 ሺህ ገደማ ነው። ደሴቶቿ 33 ሲሆኑ 3.5 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በሚሆን ባሕር ላይ ተበታትነዋል። ከዋና ከተማዋ ከታራዋ እስከ ኪሪቲማቲ ደሴት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለቱም ግን አንድ አገር ናቸው፤ የአንድ ትምህርት ሚኒስቴር በጀትም ይጠብቃሉ።

እዚህ ቦታ የብየዳ ክፍል ይክፈቱ እንበል። ለሒሳብ እንዲመች የክፍሉ የዓመት ወጪ 40 ሺህ ዶላር ይሁን። 20 ሠልጣኝ ካለ ለአንድ ሰው 2 ሺህ ዶላር ይደርሳል። 8 ብቻ ከተመዘገቡ 5 ሺህ ይሆናል። አሠልጣኙ ያው አንድ ሰው ነው፣ ማሽኑም ያው ነው፣ ጣሪያውም ያው ነው። «ታዲያ 20 ሰው ለምን አይመዘግቡም?» ይሉኝ ይሆናል። 20 በያጅ ይመረቅና የት ይሂድ? በሁለት ዓመት ውስጥ ገበያው ይሞላል። በሦስተኛው ዓመት ክፍሉ መዘጋት ይኖርበታል፣ አሠልጣኙ ግን ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ትንሽነት ራሱን የቻለ ወጪ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ ሁሉም ነገር በመርከብ ነው የሚመጣው። ኤሌክትሮዱ፣ የላሜራው ብረት፣ የመቁረጫ ዲስኩ። የኦክስጂኑ ሲሊንደር ሞልቶ በመርከብ ይመጣል፣ ሲያልቅም ባዶው በመርከብ ይመለሳል፤ ለሁለቱም ጉዞ ይከፈላል። መርከቡ ከዘገየ ሠልጣኙ በቾክ ሰሌዳ ላይ ብየዳ ይማራል። የባሕሩ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ደጋ አገር አሥር ዓመት የሚያገለግል ማሽን እዚያ በግማሽ ጊዜ ውስጥ ቢዝግ አይገርምም። መብራቱ በአብዛኛው በናፍጣ ጄኔሬተር ስለሆነ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ናፍጣ ይቃጠላል። ለጋሹ ማሽኑን ሲሰጥ ይህን ሁሉ አብሮ አይሰጥም።

ወደ ከፋዮቹ እንምጣ።

ለእኔ በጣም የሚገርመው የመርከበኞቹ ነው። በ1967 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኪሪባቲ ውስጥ፣ ቤቲዮ በምትባለው ደሴት ላይ የባሕር ሥልጠና ማዕከል ተከፈተ። ከጀርባው የጀርመን የመርከብ ድርጅቶች ነበሩ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ድርጅቶቹ ተግሣጽ ያለውና ክፍያው የማይበዛ መርከበኛ ይፈልጋሉ፣ ደሴቲቱ ደግሞ ሥራ የሌላቸው ወጣቶች አሏት። ድርጅቶቹ ሥልጠናውን ይደግፋሉ፣ ምሩቁን ይቀጥራሉ። መርከበኛው ከደመወዙ ለቤተሰቡ ይልካል። ለብዙ ዓመታት በኪሪባቲ ቤተሰቦች ኪስ ከገባው ገንዘብ ጥሩውን ያህል ያመጡት እነዚህ ልጆች ናቸው።

ቀጣሪው ራሱ የሚከፍልበት ሥልጠና ስለሆነ በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ፋይናንስ የለም። ተመርቆ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት አይኖርም፣ ካሪኩለሙም ከሥራው ጋር አይራራቅም። ግን ገመዱ አንድ ብቻ ነው። ከ2008ቱ የዓለም የፋይናንስ ቀውስ በኋላ የመርከብ ንግዱ ሲቀዘቅዝ የሚቀጠረው የኪሪባቲ መርከበኛ ቁጥር አሽቆለቆለ። ኮቪድ ሲመጣ ደግሞ ኪሪባቲ ድንበሯን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች፣ የራሷ መርከበኞችም አገራቸው መግባት አቅቷቸው ጀርመን ውስጥ፣ ሀምቡርግ ላይ ለወራት ተቀመጡ። የመርከብ ባለቤት ይህን ሲያይ ቀጣዩን መርከበኛ ከየት እንደሚቀጥር መገመት አያቅትም። ፊሊፒንስ አለችለት።

ቱቫሉም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። ሕዝቧ 11 ሺህ ያህል ነው። አማቱኩ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ የራሷ የመርከበኞች ማሠልጠኛ አላት። ዓለም አቀፉ የመርከበኞች የብቃት መስፈርት በ1990ዎቹ ሲጠብቅ ማሠልጠኛው ካልታደሰ የምሩቁ ወረቀት ዋጋ ሊያጣ ሆነ። መንግሥት ምን አደረገ? ከእስያ ልማት ባንክ ተበደረና አደሰው። 11 ሺህ ሰው ያላት አገር ለአንድ ማሠልጠኛ የውጭ ብድር ገባች። ይህን ውሳኔ እኔ አልነቅፈውም፤ መርከበኞቹ የሚልኩት ገንዘብ ለብድሩ ምክንያት ይሆናል። ግን ልብ ይበሉ፤ መስፈርቱን ያወጣው ሌላ ነው፣ የሚቀጥረው ሌላ ነው፣ ዕዳው ግን የቱቫሉ ነው።

ሁለተኛው ከፋይ አውስትራሊያ ናት። ፓሲፊክ ውስጥ የሙያ ሥልጠና ሲነሳ የእሷ ስም የማይጠራበት ስብሰባ የለም። በ2007 ሥራ የጀመረ የአውስትራሊያና የፓሲፊክ የቴክኒክ ኮሌጅ የሚባል ተቋም አለ። በ2018 ስሙን ቀይሮ የሥልጠና ጥምረት ተብሏል። ፊጂ፣ ሳሞአ፣ ቫኑዋቱና ፓፑዋ ኒው ጊኒ ላይ ጀምሮ ወደ ሌሎችም ሰፍቷል። የሚሰጠው ሰርተፊኬት የአውስትራሊያ ነው፤ ያው እዚያ ሲድኒ ወይም ብሪዝበን የሚሰጠው ዓይነት። ብዙዎቹ ሠልጣኞች በነጻ የትምህርት ዕድል ነው የገቡት።

ሐሳቡ ሁለት ጎን ነበረው። አንደኛው የደሴቶቹን የሙያ ደረጃ ማሳደግ ነው። ሁለተኛው ሰዎቹ ወረቀቱን ይዘው አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ሄደው እንዲሠሩ ነው። የመጀመሪያው ተሳክቷል፤ ምሩቃኑ በአገራቸው ቀጣሪ ዘንድ ተፈላጊ ናቸው። ሁለተኛው ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እምብዛም አልሠራም። የሄዱት ከመቶ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰርተፊኬቱ አለ፣ ቪዛው የለም። ወይም ቪዛው የሚጠይቀው የሥራ ልምድና የእንግሊዝኛ ፈተና አለ። ሲኦሲ፣ ማለትም የሙያ ብቃት ምዘና፣ አልፎ ሥራ ያላገኘ ልጅ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋበትም።

ወጪው ደግሞ ከባድ ነው። የአውስትራሊያ ሰርተፊኬት ለመስጠት የአውስትራሊያ መስፈርት መሟላት አለበት፤ አሠልጣኙም መሣሪያውም። አጠገቡ ያለው የአገሩ ኮሌጅ አሠልጣኝ በአገሩ ደመወዝ፣ በአሮጌ ማሽን ያስተምራል። ሁለት ዓይነት ወርክሾፕ በአንድ ከተማ። የኪሪባቲው የቴክኖሎጂ ተቋም ላይ የተሞከረው የተሻለ ይመስለኛል። እዚያ አውስትራሊያ ያለውን የመንግሥት ተቋም ደግፋ፣ አሠልጣኞቹን አብቅታ፣ በእሱ በኩል ሰርተፊኬቱ እንዲሰጥ አደረገች። ጎን ለጎን ሌላ ቤት ከመገንባት ያለውን ቤት መጠገን ይሻላል። ያም ሆኖ ጥገናው የቆመው በጎረቤት ገንዘብ ላይ ነው።

ሦስተኛውን ከፋይ ብዙ ሰው አያውቀውም። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ፔል ግራንትን ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ፎርም ትሞላላችሁ፣ የቤተሰቡ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ የማይመለስ ገንዘብ ይሰጣል። በ2024–25 የትምህርት ዓመት ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ይህ ገንዘብ ፓላው፣ ማይክሮኔዥያና ማርሻል ደሴቶች ድረስ ይደርሳል። ሦስቱ ነጻ አገሮች ናቸው፤ ግን ከአሜሪካ ጋር የነጻ ማኅበር ስምምነት አላቸው። የስምምነቱ የገንዘብ ክፍል በመጋቢት 2024 ታድሷል።

የፓላው ኮሌጅን ይመልከቱ። በ1969 ሲጀመር የማይክሮኔዥያ የሙያ ማዕከል ነበር፤ አናጺነት፣ መካኒክነት፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር። ዛሬ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። የፓላው ሕዝብ 18 ሺህ ያህል ነው። እንዲህ ያለ አገር ራሱን የቻለ ኮሌጅ ሊኖረው የቻለው በዋነኝነት አብዛኛው ተማሪ ፔል ስለሚያገኝና ክፍያው ከዚያ ስለሚመጣ ነው። ገንዘቡ በመንግሥት ግምጃ ቤት በኩል አያልፍም፤ ተማሪውን ተከትሎ ይመጣል። ተማሪ ከመጣ ኮሌጁ ገቢ አለው፣ ካልመጣ የለውም። የበጀት ዓመት ሲያልቅ የሚመለስ ገንዘብ የለም፤ ይህ ብቻውን ብዙ የእኛ ዲኖችን ሳያስቀና አይቀርም።

ግን ውሉን ያንብቡ። ፔል እንዲከፈል ኮሌጁ በአሜሪካ ዕውቅና ሰጪ አካል መታወቅ አለበት። ስለዚህ ኮሌጁ የሚሮጠው ያንን ዕውቅና ላለማጣት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ፣ የመምህራኑ ዲግሪ፣ የግምገማ ሪፖርቱ፣ ሁሉም በዚያ መስፈርት ይለካል። ፔል ለረጅም ጊዜ የከፈለው ደግሞ ረዘም ላለ መደበኛ ፕሮግራም ብቻ ነው። አንድ ዓሣ አስጋሪ የጀልባ ሞተር መጠገን በሁለት ሳምንት መማር ቢፈልግ በዚህ መስመር የሚከፍልለት የለም። የሁለት ዓመት ፕሮግራም ልመዝግብህ ይባላል። በዚያ ላይ ስምምነቱ የእነዚህ አገሮች ዜጎች አሜሪካ ገብተው ያለ ቪዛ እንዲኖሩና እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ሙያ የያዘው ልጅ አውሮፕላን ላይ ወጥቶ ሀዋይ ይወርዳል። አሜሪካ ከፈለች፣ አሜሪካ ቀጠረች ማለት ይቻላል። በደሴቲቱ ላይ ቧንቧ የሚሠራው ሰው ግን ከፊሊፒንስ የመጣ ነው።

አራተኛው የሥልጠና መዋጮ ነው። ቀጣሪው ከሚከፍለው ደመወዝ የተወሰነ እጅ ለሥልጠና ፈንድ ያስገባል። ስለ ፋይናንስ የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ይህን ይወደዋል፤ እርስዎም እንደሚወዱት እጠረጥራለሁ።

ፊጂ በ1973 ነው የጀመረችው። ቀጣሪው የጠቅላላ ደመወዙን 1 በመቶ ያዋጣል። በወር 50 ሺህ የፊጂ ዶላር ደመወዝ የሚከፍል ሆቴል በወር 500፣ በዓመት 6 ሺህ ዶላር ያስገባል ማለት ነው። ሆቴሉ ሠራተኞቹን በዕቅድ ካሠለጠነና ማስረጃውን ካቀረበ በቀድሞው አሠራር ካዋጣው እስከ 90 በመቶ ሊመለስለት ይችል ነበር፤ እስከ 5,400 ዶላር። ማባበያው ግልጽ ነው፤ አሠልጥን፣ ገንዘብህን ውሰድ። ካላሠለጠንክ ያሠለጠነው ጎረቤትህ ይወስደዋል።

አሁን ደግሞ ሰባት ሠራተኛ ያለውን ጋራዥ ያስቡ። የሚያዋጣው ትንሽ ነው። ለማስመለስ የሥልጠና ዕቅድ መጻፍ፣ የሥልጠና አስተባባሪ መመደብ፣ የተሳታፊ ዝርዝርና ደረሰኝ ማያያዝ አለበት። የጋራዡ ባለቤት መኪና ሥር ተኝቶ እየሠራ ነው፤ ይህን መቼ ይሞላል? ይተወዋል። ባንኩና ትልቁ ሆቴል ግን ለዚሁ የተቀመጠ ሠራተኛ አላቸው። እንዲህ ባለ አሠራር የትንሹ መዋጮ ለትልቁ ሥልጠና ይውላል። መዋጮ የተባለ ሥርዓት ሁሉ ይህ በሽታ አለበት። ታሮ የሚባለውን ሥራ ሥር ተክሎ የሚኖረው የገጠር ወጣት ደግሞ ደመወዝ ስለሌለው በሒሳቡ ውስጥ የለም።

ሞሪሸስም በ1980ዎቹ መጨረሻ 1 በመቶ መዋጮ ጀምራ ከኮርስ ወጪው እስከ 75 በመቶ ለቀጣሪው የመመለስ አሠራር ዘርግታለች። ጃማይካ ከፍ ያለ ነው፤ በ1982 የተቋቋመው ሃርት የተባለው የሥልጠና ፈንድ የሚኖረው ከደመወዝ 3 በመቶ በሚሰበሰብ መዋጮ ነው። ፈንዱ ራሱ ያሠለጥናል፣ ራሱም ያስመዝናል። ሁለቱም ሠርቶላቸዋል። ለምን ቢሉ ፋብሪካ፣ ባንክ፣ ሆቴል፣ ማለትም በደመወዝ መዝገብ ላይ የሠፈረ ብዙ ሠራተኛ አላቸው። ሞሪሸስ ከ1.2 ሚሊዮን፣ ጃማይካ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። ቱቫሉ ላይ ይህን ይሞክሩት፤ ትልቁ ቀጣሪ መንግሥት ነው። መንግሥት ከራሱ ደመወዝ 1 በመቶ ቆርጦ ለራሱ ሲያስገባ ገንዘቡ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ ዞረ እንጂ አልጨመረም። ስለዚህ «መዋጮ ይቋቋም» የሚል ምክረ ሐሳብ ሲጽፉ መጀመሪያ ደመወዝ ከፋዩ ማን እንደሆነ ይቁጠሩ።

የተማሪ ብድር የሚባልም አለ። የእኛን ወጪ መጋራት ለሚያውቅ አዲስ አይደለም። ፊጂ በ2014 የከፍተኛ ትምህርት ብድር ጀምራ በ2023–24 በጀቷ ወደ 650 ሚሊዮን የፊጂ ዶላር የሚጠጋ የተማሪዎች ዕዳ ሰረዘች፤ በምትኩ አገር ውስጥ እንዲያገለግሉ ግዴታ ገቡ። ስለ ብድር ከዚህ በላይ ማለት አያስፈልገኝም።

አምስተኛው ከፋይ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ እዚህ ትንሽ ልቆይ። ሰለሞን ደሴቶች ላይ የገጠር ማሠልጠኛ ማዕከል የሚባሉ ትንንሽ ተቋማት አሉ። አብዛኞቹ የአብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ትምህርቱ አናጺነት፣ መካኒክ፣ እርሻ፣ ስፌት ነው። መንግሥት ለብዙዎቹ መምህራን ደመወዝ ይከፍላል፣ አንዳንድ ጊዜም ድጎማ ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረትም ለዓመታት ደግፏቸዋል። የቀረውን የሚሸፍኑት ከሠልጣኝ ክፍያና ከራሳቸው ምርት ነው።

የእርስዎ ኮሌጅ ጠረጴዛና ወንበር ሠርቶ የውስጥ ገቢ የሚያገኝ ከሆነ ነገሩ ይገባዎታል። የአናጺ ክፍሉ ለመንደሩ ቤትና የቤት ዕቃ ይሠራል። የእርሻ ክፍሉ ስኳር ድንች፣ ካሳቫና አሳማ ያመርታል፤ ከፊሉ ለገበያ ይወጣል፣ ከፊሉ ለአዳሪዎቹ ምሳ ይሆናል። ማዕከሉ ምግቡን በከፊል ራሱ ስለሚያመርት ክፍያው ለገጠር ቤተሰብ የሚቀመስ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ መስመር አለ። ሠልጣኙ ጠዋት ንድፍ አንብቦ፣ ከሰዓት ያንኑ ወንበር ሠርቶ ከተሸጠ ሥልጠና ነው። ለአንድ ሴሚስተር ያንኑ ወንበር አርባ ጊዜ ከሠራ ግን ነጻ ጉልበት ሆኗል። የማዕከሉ ዲን ገንዘቡ ሲያጥረው መስመሩን ማለፉ አይቀርም። የውስጥ ገቢ ይጨምር እያሉ በጀት የሚቀንሱ ሰዎች ይህን አያዩትም። ወይም ያዩትና ዝም ይላሉ።

ቶንጋና ሳሞአም ላይ የአብያተ ክርስቲያናት ተቋማት ድርሻ ትልቅ ነው። ሁለቱም መንግሥታት የራሳቸው ላልሆኑት ተቋማት ድጎማ የመስጠት ልምድ አላቸው። በእኔ አስተያየት ይህ ብልህነት ነው። መንግሥት አዲስ ካምፓስ ከሚሠራ ያለውን ደጉሞ ጥራቱን ቢመዝን ይረክሰዋል። ጥራት መመዘኛ አካል ማቋቋም ራሱ ወጪ ቢሆንም።

የመንግሥት የራሱ ገንዘብ የት ነው ቢሉ፣ መልሱ አብዛኛው ከባሕር ነው። ኪሪባቲና ቱቫሉ ከቱና ዓሣ ፈቃድ የሚያገኙት ከሌላው ገቢ ሁሉ ይበልጣል። ስምንት አገሮች ተስማምተው የውጭ መርከብ ለሚያሰግርበት እያንዳንዱ ቀን ዝቅተኛ ዋጋ አውጥተዋል፤ 8,000 የአሜሪካ ዶላር። ጎበዞች ናቸው። ቱናው ግን ድንበር አያውቅም፤ የባሕሩ ሙቀት ሲለዋወጥ ወደ አንዱ አገር ያዘነብላል፣ ሌላኛው ይጎድልበታል። ከዚህ ሌላ ኪሪባቲ ከ1956 ጀምሮ፣ ፎስፌት ከሚቆፈርበት ጊዜ ያጠራቀመችው ፈንድ አላት። ቱቫሉም በ1987 ከአውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ብሪታንያ ጋር ያቋቋመችው ፈንድ አላት። እነዚህ ለሙያ ሥልጠና ተብለው የተቀመጡ አይደሉም፤ በጀት ሲጎድል የሚደግፉ ናቸው። ገንዘቡ ሲመጣ ደግሞ የሚቀድሙ አሉ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ ጤና፣ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ። ቧንቧ ሠራተኛ ለማሠልጠን ሰልፍ የሚወጣ መራጭ የለም።

አሁን የምወደውን ልንገርዎት፤ ቫኑዋቱን። 300 ሺህ ሕዝብ፣ ስድስት ክፍላተ ሀገር፣ ሰማንያ ያህል ደሴቶች። የገቢ ግብር የሚባል የላትም፤ መንግሥት የሚኖረው በተጨማሪ እሴት ታክስ፣ በቀረጥ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዜግነት በመሸጥ ጭምር ነው። እዚያ በአውስትራሊያ ድጋፍ የተጀመረ አንድ አሠራር አለ። ገንዘቡ ለኮሌጅ አይሰጥም። በክፍለ ሀገር ደረጃ የክህሎት ማዕከል የሚባል ትንሽ ቢሮ ይከፈታል። ሳንማና ማላምፓ ላይ ነው የተጀመረው። ቢሮው ማሽን የለውም፣ ቋሚ አሠልጣኝም የለውም። ያለው ፈንድና አስተባባሪ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። አንድ ደሴት ላይ ለቱሪስት የሚከራዩ ጎጆዎች ያሏቸው ቤተሰቦች አሉ። እንግዳ ይመጣል፣ አልጋው አይመቸውም፣ ምግቡ ይዘገያል፣ ሒሳቡ አይያዝም። የክፍለ ሀገሩ ሰዎች ዘንድሮ ቅድሚያው ቱሪዝም ነው ብለው ይወስናሉ። ማዕከሉ አሠልጣኝ ይቀጥራል፤ ከዋና ከተማዋ ከፖርት ቪላ ይሁን፣ ከቤተ ክርስቲያን ማዕከል ይሁን፣ ከግል። አሠልጣኙ በጀልባ ደሴቲቱ ድረስ ይሄዳል። ሥልጠናው የሚሰጠው እዚያው ጎጆ ውስጥ፣ እዚያው ምድጃ ላይ ነው። ካለቀ በኋላም ተመልሶ ይጎበኛል። በሚቀጥለው ዓመት ቅድሚያው ካካዎ ከሆነ አሠልጣኙ ይቀየራል፤ ሥራ ፈትቶ ደመወዝ የሚበላ ወርክሾፕ የለም።

ያቺን የስምንት ሠልጣኝ ሒሳብ ያስታውሳሉ? ቫኑዋቱ ወጪዋን የቆረጠችው እዚያ ላይ ነው። ቋሚውን ወጪ ተንቀሳቃሽ አደረገችው። በመጋቢት 2015 ፓም የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ፣ በሚያዝያ 2020 ደግሞ ሃሮልድ ሲመታት እንዲህ ያለ ፈንድ ወደ ግንባታ ሙያ ሊዞር የሚችል ነው፤ የሁለት ዓመት ካሪኩለም ያለው ኮሌጅ ግን እንዲህ በፍጥነት አይዞርም። ጉድለቱም ይታወቃል። ኤሌክትሪሻን በሁለት ሳምንት አይሠለጥንም፤ ለእሱ ኮሌጁ የግድ ነው። ፈንዱም አሁንም ዋናው ገንዘቡ ከካንቤራ፣ ከአውስትራሊያ መንግሥት፣ ነው፤ ምንም እንኳ የቫኑዋቱ መንግሥት የራሱን ድርሻ እያስገባ ቢሆን። ቢሆንም ከፋዩ ሌላ ሆኖ ሳለ የሚወስነው ክፍለ ሀገሩ የሆነበት አሠራር ብዙ የለም።

ወደ ጽሑፍዎ ልመለስ። ሁሉንም ደሴት አይሸፍኑ፤ ይበዛብዎታል። ሦስት ይምረጡ፦ ኪሪባቲ፣ ፓላው፣ ቫኑዋቱ። ከፋያቸው የተለያየ ነው፣ ሕዝባቸው ሁሉ ትንሽ ነው፣ ማወዳደር ይቻላል። ፊጂን ለመዋጮው ብቻ ይጠቀሙባት፤ በስፋቷ ከሌሎቹ ጋር አትወዳደርም።

የአገሮቹን የበጀት ሰነድ ብቻ ካዩ ደግሞ ይሳሳታሉ። ለጋሹ የሚልከው ባለሙያ ደመወዝ ብዙ ጊዜ በአገሩ ግምጃ ቤት አያልፍም፤ ፕሮጀክቱን የያዘው ኮንትራክተር በቀጥታ ይከፍለዋል። የፓላው ፔልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በጀቱን አይተው «መንግሥት ለሥልጠና የሚያወጣው ይህን ብቻ ነው» ካሉ ከሥዕሉ ግማሹን ብቻ ነው ያዩት። ሁለት ዓምድ ይሥሩ፤ በበጀቱ ውስጥ ያለና ከበጀቱ ውጭ ያለ። ከዚያ እያንዳንዱን ካፒታልና ሥራ ማስኬጃ ብለው ይክፈሉት። ሥራ ማስኬጃውን ደግሞ ደመወዝና አላቂ ዕቃ ይበሉት። ወጪውን ሲያካፍሉም በተመዘገበው ሳይሆን በጨረሰው ሠልጣኝ ቁጥር ያካፍሉ። ትንሽ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ማቋረጡ ሒሳቡን ያፈርሰዋል።

አማካሪዎ ለአገራችን ምን ይጠቅማል ብሎ እንደሚጠይቅዎት አልጠራጠርም። መዋጮውን አንስተው አይሂዱ፤ የፊጂው ጋራዥ ጉዳይ እኛም ዘንድ ይመጣል፣ የእኛ ጋራዦች ብዙዎቹ ከዚያም ያነሱ ናቸው። የቫኑዋቱን ይዘው ይሂዱ። ሠልጣኝ በሚያጥርባቸው ራቅ ያሉ ወረዳዎች አሠልጣኙን ከማሽኑ ጋር ለዘለቄታው ከመትከል፣ ፈንድ ይዞ አሠልጣኙን ማንቀሳቀስ ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ባሕር ባይኖረንም ይመለከተናል። ለዚህ የሚሆን ቁጥር ከራስዎ ኮሌጅ መዝገብ ያገኛሉ፤ ካለፉት አምስት ዓመታት ከአሥር ሠልጣኝ በታች የነበራቸውን ክፍሎች ያውጡና የእያንዳንዱን ወጪ በጨረሱት ያካፍሉ።